ከአሥር አራት

ኮምቦልቻ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሰልዋ መሕሙድ
ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከርመሻል? ጁነይድስ እንዴት ነው? ልጆቻችሁስ? እማን ጉልበቷ በዚህ ብርድ እንዴት አደረጋት? የደሴ ብርድ ሲነሣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእሷ ጉልበት ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከፋብሪካው ሥራ ልብሴ ሁሉ ብስኩት ብስኩት ከመሽተቱና ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም።

«ምን ሆና ነው ስትደውል የዋለችው?» ብለሽ በሹፌሩ በከሊድ በኩል መላክሽን ነግሮኛል። የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ስልኩን ስታነሺው ጊዜ አፈርኩና ዘጋሁት። አሁን ግን አስተማሪዬ አስገደደኝ። አዎ፣ አስተማሪ አለኝ። የማታ እየተማርኩ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። አሥራ አንደኛን ዓምና ጨርሻለሁ። ዓመት ሙሉ የደበቅሁሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው በላቸው የሚባል የመጋዘን ዘበኛ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ እሱ ባይኖር የክፍሉ ሽማግሌ እኔ እሆን ነበር። የአማርኛ መምህራችን ጸጋው «ለቅርብ ሰዋችሁ የእውነት ደብዳቤ ጻፉ፣ አርሜው ትልኩታላችሁ፣ ከአሥር ይታሰባል» አለን። የቅርብ ሰው ሲል ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለፈተና ለመመዝገብ የአሥረኛ ክፍል ካርዴን፣ ዋናውን፣ አምጪ ተብያለሁ። ዓምና ኋላ ታመጪያለሽ ብለው በአደራ ነው ያስገቡኝ። እስከ ጥር መጨረሻ ካላመጣሁ አልፈተንም። ካርዱን ትምህርት ቤት ሄዶ የተቀበለልኝ አባ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ሐርቡ ጫጉላ ላይ ነበርኩ። አላህ ይርሐመውና፣ በብረት ሣጥኑ አስቀምጬልሻለሁ ብሎኝ ነበር። ሣጥኑ ደግሞ አንቺ ጋ ነው።

ሰልዬ፣ በዚህ ዕድሜዋ ምን ፈልጋ ነው እንዳትዪ። አንደኛ እየወጣሁ ተምሬ፣ የመጨረሻው ውጤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ያዩልኝ ሌሎች ናቸው። አንድ ቀን ዝርዝሩ ፊት ቆሜ «ጣይባ መሕሙድ» የሚለውን በራሴ ዓይን ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እኅትሽ ጣይባ

*

ደሴ
ጥቅምት 19 ቀን 2017

ለጣይባ

ወዐለይኩም ሰላም። ሁላችንም ደኅና ነን።

ደብዳቤሽን መልሼ ልኬልሻለሁ፤ በቀይ የተጻፈው የእኔ እርማት ነው። ሰላምታሽ ይረዝማል፣ ቁም ነገርሽ ይዘገያል፣ አራት ነጥብሽን እንደ ጨው ትበትኚዋለሽ። እኔ ብሆን ከአሥር አራት ነው የምሰጥሽ፣ ለዚያውም ለእኅትነትሽ። አትቀየሚኝ፤ የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ከዚህ የተሻለ ይጽፋሉ።

አልሳቅሁብሽም። ጁነይድ ግን ስቋል። ሠላሳ አምስት ዓመትሽ ነው እኮ። ልጅ ወልደሽ ቢሆን ኖሮ ከልጅሽ ጋር አብረሽ ትፈተኚ ነበር።

ካርዱን እርሺው። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ሣጥኑ ተሰብሮ አገኘነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልተረፈም። የድሮው ትምህርት ቤታችን ድረስም አትልፊ፣ የዚያም መዝገብ ተቃጥሏል ይባላል። እኔ በሙያው ስላለሁ ሰው አውቃለሁ፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ። አንቺ ብስኩትሽን አሽጊ።

እማ ሰላም ብላሻለች።

ሰልዋ

*

ኮምቦልቻ
ኅዳር 2 ቀን 2017

ለሰልዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታሽ ይረዝማል ስላልሽኝ አሳጥሬዋለሁ።

መምህር ጸጋው ለዚያው ደብዳቤ ዘጠኝ ሰጥቶኝ ነበር። የአንቺን አራት ሳሳየው «እኅትሽን ምን አድርገሻታል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

አትልፊ ብትዪኝም ሄድኩ። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ በጧት የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ሳልነግርሽ ደሴ ገባሁ። ወደ ቤት ያልመጣሁት ካርዱን ይዤ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር። መዝገቡ አልተቃጠለም። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ትሑት ነው፤ የ1998ን ጥራዝ አውርዶ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ስሜን በጣቱ አሳየኝ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ነኝ። ከጎኔ «ተወስዷል» ይላል። ማን ወሰደው ብዬ ስጠይቀው አንድ ፋይል አወጣ። ጣይባ መሕሙድ በ2000 ዓ.ም. መምህራን ኮሌጅ ለመግባት ማስረጃዬ ይላክልኝ ብላ ያመለከተችበት ወረቀት ነው። ጥጉ ላይ ፎቶ ተለጥፏል።

ፎቶው የአንቺ ነው። ራስሽ ላይ ያሰርሽው ሻሽ የእኔ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ስዳር ጥዬልሽ የሄድኩት።

ሰውዬው «ታውቂያታለሽ?» ሲለኝ «አላውቃትም» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አልገባኝም። እሱ ግን የእኔን መታወቂያና ያንን ፎቶ ደጋግሞ አየና ወረቀቱን ለብቻ አስቀመጠው።

ሣጥኑ ተሰበረ ያልሽኝን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አንቺ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎችሽ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?

ጣይባ

*

ደሴ
ኅዳር 14 ቀን 2017

ለጣይባ

«ቲቸር ጣይባ» ነው የሚሉኝ። ይኸው፣ ጠየቅሽ፣ መለስኩልሽ።

ያደረገው አባ ነው። እኔ አሥረኛን ወደቅሁ፤ አንቺ አልፈሽ ባል ቤት ገብተሽ ነበር። «ጣይባ ባል አላት፣ ካርድ ምን ያደርግላታል?» አለና አንድ ቀን ጧት እጄ ላይ አስቀመጠው። ከመሞቱ በፊት ቤቱን በእኔ ስም ሲያዛውርም ያንኑ ነው ያለው፤ ጣይባ ባል አላት። ባልሽ ሲፈታሽ አባ በሕይወት አለመኖሩ የእኔ ጥፋት ነው? ትምህርቱን እንደዚያ የምትወጂው ከሆነ ያኔ ነበር የምትሟገቺለት። ማልቀስሽን አስታውሳለሁ። አልቅሰሽ አልቅሰሽ ግን እጅሽን ለሒናው ዘረጋሽ።

ኮሌጁን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ቢስቲማ ስመደብ ክረምት ከበጋ በእግሬ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ የሰጠሽው ስም ብቻ ነው፣ ለዚያውም ሳታውቂ። በሥራ ጣይባ ነኝ፣ በቤቱ ካርታ ሰልዋ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን ያ ትሑት ሰውዬሽ ለርእሰ መምህራችን ስልክ ደውሏል።

የእማን የስኳር መድኃኒት የምገዛው በዚህ ሥራ ነው። ይህ ሲጋለጥ እኔ እታሰራለሁ፣ እማም ትታመማለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብትፈተኚም አታልፊም። ስንት ልጅ ቀን ከሌት አጥንቶ በሚወድቅበት ፈተና፣ ብስኩት ስታሽጊ ውለሽ ምን ልታመጪ ነው? ለማታመጪው ውጤት እኅትሽን አሳስሪያት እንግዲህ።

ሰልዋ

*

ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

ለእኅቴ ለሰልዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽ? እንዲህ የምዘገይ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤሽን ሳነብ፣ ስጥል፣ መልሼ ሳነሣ ነበር። ሥራ ላይ ሁለት ካርቶን ብስኩት ጣልኩና ተቆጡኝ። በጣም ተናድጄብሽ ነበር። በአባ ሳይቀር መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልጮኽበት አስቤ ነበር።

አሁን በርዶልኛል። ያለፈውን አውፍ ብዬሻለሁ፣ ከልቤ ነው። ልጆች አሉሽ። ብትታሰሪ እኔ ምን አገኛለሁ? የጠፋብኝን አሥራ ሰባት ዓመት አያመጡልኝም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ካርዱ እጅሽ ላይ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ አውሺኝ። አስመዝግቤ በከሊድ እጅ እመልስልሻለሁ። ወላሂ ለማንም አልናገርም፣ ለበላቸውም ለመምህር ጸጋውም። አንቺም አስተምሪ፣ እኔም ልፈተን። ከወደቅሁም ልውደቅ፣ ብቻ በስሜ ልውደቅ።

ይህን ሁሉ እማ ታውቃለች? እሱንም መልሺልኝ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ጣይባ

*

ደሴ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017

ለምወድሽ እታለም ለጣይባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ትምህርቱስ? የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማምቶሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነን። ልጆቹ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ይጠይቁኛል። እማ በዱዓዋ ሁሉ አንቺን ትጠራለች።

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አለቀስኩ። ልክ ነሽ። ጥር 7፣ ረቡዕ፣ በጧት ነዪልኝ። መታወቂያሽንና ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ነዪ። አጎታችን የሱፍ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው ሰው አለ፤ ሦስት ምስክር ቀርቦ ከፈረመ ነገሩ በሰላም ይስተካከላል ብሎናል። እማ፣ አጎታችንና ጎረቤታችን ኪዳኑ ይቀርባሉ። አንቺ ምንም መናገር አይጠበቅብሽም።

ስለ እማ የጠየቅሽኝን እሷው ፊት ለፊት ትመልስልሻለች። የምትወጂውን ጭኮ ትሠራልሻለች።

አጻጻፍሽ በጣም ተሻሽሏል።

ታናሽሽ ሰልዬ

*

ኮምቦልቻ
ጥር 19 ቀን 2017

ለመምህርት ጣይባ መሕሙድ

ጭኮው ይጣፍጥ ነበር።

ቢሮው ውስጥ አፌ ተያዘ፤ አሁን በጽሑፍ ልናገር። «ታናሽ እኅቴ ሰልዋ በእኔ ስም ልትፈተን ነው፣ አስቁሙልኝ» ስትዪ የምትቀልጂ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ያቺ ፈገግታዬ አሁንም ታሳፍረኛለች። አጎታችን ሲፈርም ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሣም። ኪዳኑ «ትንሿ ይህች ናት» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ልጅ ሳለን በር ላይ ቆሞ ስማችንን እየጠራ የሚያጫውተን ሰውዬ።

እማ ግን እጇን ቁርኣን ላይ ጭና «ወላሂ፣ ይህች ሰልዋ ናት፣ ያቺ ጣይባ ናት» አለች። ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። እኔን ስትወልድ ሁለት ቀን እንዳማጠች በየዒዱ የምትነግረን ሴት ናት። ከዚያ ወጥተን እጄን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ለመንገድሽ ብላ የተረፈውን ጭኮ በፌስታል ቋጠረችልኝ። የጠየቅሁሽን መልስ በዚህ አገኘሁት።

መታወቂያዬን አስቀርተው ሰልዋ መሆኔን የሚገልጽ ባለማኅተም ወረቀት ሰጡኝ። ደብዳቤያቸው ከእኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ ደርሶ ኖሯል። የተፈታኞች ዝርዝር ሰኞ ተለጠፈ። በላቸው አትሂጂ ቢለኝም ሄጄ አየሁት። ጣይባ መሕሙድ ይላል፣ በላዩ ላይ በእስክርቢቶ ተሠርዟል፤ ስሜ ግን ከሥር ይነበባል። በዓይኔ ማየት አልነበር የፈለግሁት? አየሁት።

ዋናውን ካርድ አውሺኝ ብቻ ነው ያልኩሽ። ለምን እንዲህ አደረግሽ?

*

ደሴ
የካቲት 3 ቀን 2017

ለሰልዋ መሕሙድ

ለምን ላልሽው፣ አጭር ነው። አንቺ መዝገብ ቤት ከሄድሽ በኋላ «በአንድ ስም ሁለት ሰው አመልክቷልና ይጣራ» የሚል ደብዳቤ መጣ። አንዳችን መውደቃችን አልቀረም። አንቺ ስትወድቂ የምታጪው የማታ ትምህርት ነው። እኔ ብወድቅ ሥራዬንም ልጆቼንም አጣለሁ። ቁጭ ብለሽ ብታስቢው አንቺም ይህንኑ ታደርጊ ነበር።

ሰልዋ መሆን ያን ያህል አያስጠላም፣ እኔ ኖሬበታለሁ። የትምህርቱ ምኞት ካልወጣልሽ ደግሞ ሰልዋ አሥረኛን የወደቀች ስለሆነች እንደ አዲስ ከዘጠነኛ ክፍል መጀመር ትችላለች። ጊዜ እንደሆነ አለሽ። የሚጠብቅሽ ባልም ልጅም የለ።

በአንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ጣይባ፣ አንቺን ሰልዋ ነው የምትለው። ቤት ውስጥ እንኳ፣ ሰው በሌለበት። «ስማችሁን ካልለወጥኩት መሐላው ውሸት ይሆንብኛል፣ ከአላህ አታጣሉኝ» ትላለች። ልጆቹ ግራ ገብቷቸዋል። ስትደውልልሽ አቤት በያት፤ አሮጊት ናት።

ጣይባ መሕሙድ (መምህርት)

*

ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ለመምህርት ጣይባ

እማ ትደውላለች፣ አቤት እላታለሁ። አታስቢ። ለዒድ ያልመጣሁት ጠልቻችሁ ነው፤ ሥራ በዝቶባት ነው ብለሽ ለልጆቹ መናገርሽ ጥሩ ነው።

ምክርሽን ተቀብያለሁ። ለመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ልመዘገብ ነው። መምህር ጸጋው ሲሰማ ጠመኔውን አስቀምጦ ከክፍል ወጣ። በሰልዋ ስም አዲስ መታወቂያም አውጥቻለሁ። የሚገርምሽ፣ ያንን ባለማኅተም ወረቀት ይዤ ስቀርብ ያላስገባኝ ቢሮ የለም። ጣይባ ሆኜ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። እናቷ የማለችላት፣ ሦስት ሰው የመሰከረላት ሴት ነኝ።

ሰልዋ ከሆንኩ አይቀር በሙሉ ልሁን ብዬ፣ በስሟ ያለውን ሁሉ እያጠያየቅሁ ነው። እኔ ሳላውቅ ስንት ነገር ነበረኝ መሰለሽ።

ሰልዋ

*

ደሴ
ሰኔ 20 ቀን 2017

ለውድ እታለም፣ ለታላቄ ለጣይባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ? ሥራሽ? ምነው ስልክ አታነሺም? አርባ ጊዜ ደወልኩልሽ። ከሊድም ልጠይቅልሽ ብሎ ሄዶ በሩን አልከፈትሽለትም አሉ። አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

እታለም፣ ትናንት ሁለት ሰዎች መጥተው በራችን ላይ ወረቀት ለጠፉ። የቤቱ ባለቤት ሰልዋ መሕሙድ ካርታዋን አሳድሳለች፣ ነዋሪዎቹ ይልቀቁ ይላል። ጁነይድ «ሰልዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ሰልዋ እኔ ነኝ ብዬ ብከራከር የማስተማሪያ ማስረጃዬ የሐሰት ነው ማለት ነው፣ ያን ቀን እታሰራለሁ። ጣይባ ነኝ ብል ቤቱ የእኔ አይደለም። ቋጠሮውን በሁለቱም በኩል ያሰርኩት እኔው ነኝ።

አንቺ ጣይባ ነሽ። እኔም አንቺም እናውቀዋለን። እታለም፣ በልጅነቴ ኩፍኝ ሲይዘኝ በጀርባሽ አዝለሽ ጤና ጣቢያ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ፤ የዚያን ጊዜዋ ጣይባ ትጨክንብኛለች ብዬ አላምንም። አውፍ በይኝ። ቤቱን ወደ እኔ አዛውረሽ ፈርሚልኝ። ክረምት ገብቷል፣ ልጆቹን ይዤ የት እወድቃለሁ?

ታናሽሽ

*

ኮምቦልቻ
ሐምሌ 3 ቀን 2017

ለመምህርት ጣይባ መሕሙድ

ፈተናው ተጀምሯል። በላቸውንና የክፍሌን ልጆች አውቶቡስ ላይ ልሸኛቸው ሄጄ ነበር። በላቸው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ለአንቺም እሠራልሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሲሄዱ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አልደብቅሽም፣ አልቅሻለሁ።

ፈርሚልኝ ላልሽው፣ በየትኛው ስም ነው የምፈርመው? ነገሩን ወደ ቦታው መመለስ ከፈለግሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ያንኑ ቢሮ፣ እነዚያኑ ሦስት ሰዎች ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እማም እጇን እንደገና ትጭናለች። እማ ግን ሁለተኛ አትምልም። ጠይቄያታለሁ። «አንዴ ምያለሁ፣ እሱን ይዤ ልሙት» አለችኝ።

እማ ትቆያለች፣ ክፍሏን የሚነካባት የለም። አንቺና ጁነይድ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ትወጣላችሁ። ያንን ያህል ጊዜ የሰጠሁት ለልጆቹ ብዬ ነው። መድኃኒቷን ከእንግዲህ እኔ እገዛለሁ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ባለፈው ማክሰኞ አንቺ ገበያ ሳለሽ መጥቼ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ እማ ናት። «ሰልዬ መጣሽ?» አለች። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማ፣ የሚሰማን ሰው የለም፣ እኔ ማን ነኝ?» አልኳት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። ከዚያ «ሰልዋ ነሻ» አለችና ጭኮ አቀረበችልኝ። በላሁ። ምን አደርጋለሁ?

በዚህ ዓለም ጣይባ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የቀረኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ለዚያውም ቤት ስትፈልጊ።

ደብዳቤሽን አርሜ መልሼልሻለሁ። ቀይ እስክርቢቶ ገዝቻለሁ። ሰላምታሽ ይረዝማል፣ ቁም ነገርሽ ይዘገያል፤ አራት ነጥቦችሽ ደኅና ናቸው። የመጀመሪያው ስሕተት ግን ገና ከላይ ነው፣ ለማን እንደምትጽፊ ባስቀመጥሽው ስም ላይ። ሠርዤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፌልሻለሁ።

ከአሥር አራት። ለዚያውም ለእኅትነትሽ።

ሰልዋ መሕሙድ